ማይክ ከመግዛታችሁ በፊት ክፍላችሁን ስሙት

ቤት ውስጥ ድምፅ መቅዳት የጥቂቶች ሥራ መሆኑ ካበቃ ቆየ። ዘፋኙ ዴሞውን፣ ዘማሪዋ መዝሙሯን፣ ተራኪው ትረካውን፣ ፖድካስት የጀመሩ ጓደኛሞች ጨዋታቸውን የሚቀዱት መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። ላፕቶፑ አለ። ሶፍትዌሩም በነጻ ይገኛል። የሚጎድለው ማይክ ብቻ ይመስላል። ስለዚህ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «የትኛው ማይክ ይሻላል?»

ጥያቄው አሁን አሁን ውድ ሆኗል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ወራት ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም መውጣቱን ቀጠለ። አሜሪካ ውስጥ 100 ዶላር የሚሸጥ ማይክ ድሮ በባንክ ምንዛሪ ሲሰላ 6,000 ብር አይሞላም ነበር። አሁን ቀረጡም፣ የአምጪው ትርፍም ሳይጨመር ከእጥፍ በላይ ነው። በየፖድካስቱ የምታዩት ጥቁሩ ሹር ኤስኤም7ቢ ደግሞ 400 ዶላር አካባቢ ነው። በብር ሲመነዘር ከ50,000 በላይ ይሆናል።

ይህን ያህል ወጥቶበት የተቀዳው ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ ያው ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተወራ ይመስላል። ከኋላው መኪና ያልፋል። «ስ» እና «ጽ» ጆሮ ይወጋሉ። ባለቤቱ ማይኩን ይወቅስና ለሌላ ማይክ መቆጠብ ይጀምራል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው። ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹ ማይክ በመቀየር አይፈቱም። ምርጫው መጀመር ያለበት ከክፍሉ ነው። ቀጥሎ ድምፃችሁ ይታያል፤ ከዚያ ማይኩ የሚሰካበት ዕቃ። የማይኩ ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 የሆኑ ሁለት ነገሮች ልጥቀስ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ኒው ጀርሲ ውስጥ በተከራየው ቤት፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ፣ ታስካም በሚባል ባለ አራት ትራክ የካሴት መቅጃና በሹር ኤስኤም57 ማይኮች ዘፈኖቹን ቀዳ። ሐሳቡ በኋላ ከባንዱ ጋር ስቱዲዮ ገብቶ እንደገና ሊሠራቸው ነበር። ተገባ፤ ተሞከረ፤ የመኝታ ክፍሉ ቅጂ በለጠ። ካሴቱ ራሱ አልበም ሆኖ ወጣ። በዚያው ዓመት ማይክል ጃክሰን እጅግ የተሸጠለትን አልበም ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲሠራ፣ የድምፅ መሐንዲሱ ብሩስ ስዊዲን ለዋናው ድምፅ የተጠቀመው ሹር ኤስኤም7 ነው። ስዊዲን በዘመኑ ውድ የሚባሉትን ማይኮች ሁሉ ማግኘት የሚችል ሰው ነበር።

ሁለቱም የተጠቀሙት የአንድ ኩባንያ፣ የሹር፣ ዳይናሚክ ማይክ ነው፤ ዳይናሚክ ምን እንደሆነ ከታች እናያለን። የዛሬው ኤስኤም7ቢ የዚያው የኤስኤም7 ተከታይ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚገዛው የማይክል ጃክሰንን ታሪክ ሰምቶ ነው። ታሪኩ ሲወራ ግን የስቱዲዮው ክፍል አይነሳም። ማይኩ የተሰካበት ማጉያም፣ የመሐንዲሱ ጆሮም አይነሳም። ስለ ስፕሪንግስቲን ደግሞ ጭራሽ አይወራም። ለቤት ቀረጻ የሚቀርበው ግን የሱ ታሪክ ነው።

ክፍሉ

ክፍላችሁን ለመስማት ምንም ዕቃ አያስፈልግም። መሃል ላይ ቁሙና አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ «ትርርር» የሚል፣ ብረት ብረት የሚል ድምፅ ከተከተለ፣ ድምፁ በሁለት ፊት ለፊት በሚተያዩ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው። የኮንዶሚኒየም ክፍል በዚህ ይታወቃል። ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ኮንክሪት፣ መጋረጃው ስስ። ድምፅ የሚውጥ ነገር የለውም። ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከላይ ቆርቆሮ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድ የትኛውም ማይክ አያድንም፤ ያላችሁ አማራጭ ሰዓት መምረጥ ብቻ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ችግራቸው ይለያል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ አፓርታማ ወለሉ ምንጣፍ ነው፤ ያ ብቻውን ትልቅ እገዛ ነው። እዚያ የሚያስቸግረው የማሞቂያውና የማቀዝቀዣው ማሽን ነው። ዱባይና ሪያድ ያለ ሰው ኤሲ ካላጠፋ ንጹሕ ድምፅ አያገኝም፤ ካጠፋ ደግሞ ሁለት ዘፈን ሳይጨርስ በላብ ይጠመቃል። ስለዚህ አጭር አጭር አድርጎ መቅዳት ግድ ይሆንበታል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። «ቤትህ ኢኮ ካለው ዳይናሚክ ግዛ። ኮንደንሰር ክፍሉን ሁሉ ይሰማል፤ ዳይናሚክ የቅርቡን ብቻ ነው የሚሰማው» ይባላል። ምክሩ ጥሩ ነው። ምክንያቱ ግን ልክ አይደለም። ምክንያቱን አለማወቅ ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል።

መጀመሪያ ሁለቱ እንዴት እንደሚሠሩ እንይ። ዳይናሚክ ማይክ ውስጥ ስስ ሽፋን አለ። ከሽፋኑ ጀርባ ቀጭን የሽቦ ጥቅል ተጣብቋል። ድምፅ ሽፋኑን ሲገፋው ጥቅሉ በማግኔት ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ኤሌክትሪክም ይፈጥራል። ከውጭ ኃይል አይፈልግም። ኮንደንሰር ማይክ የተሠራው ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1916 ነው፤ የሠራው ኢ.ሲ. ዌንት የሚባል በአሜሪካው ዌስተርን ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ነው። እዚህ ሽቦ የለም። ብረት የተቀባ እጅግ ስስ ሽፋን ከአንድ ሳህን ፊት ለፊት በጠባብ ክፍተት ይቀመጣል። ሽፋኑ ሲርገበገብ በሁለቱ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ሁኔታ ይለዋወጣል። ሽፋኑ የሚሸከመው ጥቅል ስለሌለ ቀላል ነው፤ ጥቃቅኗን ድምፅ ሁሉ ይከተላል። ግን ኃይል ይፈልጋል። ሳውንድ ካርዳችሁ (ማይኩ የሚሰካበት፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ) ላይ «48» ተብሎ የተጻፈው ቁልፍ ለዚህ ነው። ቁጥሩም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 የጀርመኑ ማይክ ሠሪ ኖይማን ለኖርዌይ ብሮድካስቲንግ ማይክ ሲያቀርብ፣ ስቱዲዮው ውስጥ ለመጠባበቂያ መብራት የተዘረጋ 48 ቮልት ነበር። ያንኑ ተጠቀሙበት። ዓለም ሁሉ እስካሁን በሱ ነው የሚሠራው።

እንግዲህ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ድምፅ አለ። አንዱ ከአፋችሁ በቀጥታ ወደ ማይኩ የሚሄደው ነው። ሌላው ከግድግዳው፣ ከጣሪያውና ከወለሉ ተመልሶ የሚመጣው። በቀጥታ የሚሄደው ርቀቱ በግማሽ ባጠረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይጨምራል። ተመልሶ የሚመጣው ግን ክፍሉን ስለሞላው፣ ማይኩን የትም ብታደርጉት መጠኑ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ከማይኩ 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ የነበረ ሰው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ቢጠጋ፣ ድምፁ ከኢኮው አንጻር በ12 ዴሲቤል ይጎላል። ይህ ለዳይናሚክም ለኮንደንሰርም እኩል ይሠራል። ሁለቱም ካርዲዮይድ ከሆኑ፣ ማለትም ከፊት የሚሰሙና ከኋላ የማይሰሙ ከሆኑ፣ በአንድ ርቀት አስቀምጣችሁ መጠናቸውን ብታስተካክሉ የሚይዙት ኢኮ ይቀራረባል።

ታዲያ ዳይናሚክ ለምን የተሻለ ይመስላል? ሰው ስለሚጠጋው ነው። ዘፋኞች መድረክ ላይ የሚይዙትን የሹር ዳይናሚክ ማይክ፣ ኤስኤም58ን፣ የያዘ ሰው ከንፈሩ ሊነካው እስኪደርስ ይቀርባል። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ካልቀረቡት አይሰማም። ኮንደንሰር ፊት ግን ሰው አንድ እርምጃ ወደኋላ ይላል፤ ያኔ ክፍሉ ይገባል። ሌላም አለ። ኤስኤም58 የሚሰማው እስከ 15,000 ኸርዝ ነው (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል)፤ ከዚያ በላይ ያለውን የክፍሉን ጭረትና ፉጨት ይተወዋል። ልዩነቱ ከዚህ አያልፍም። ይህን ካወቃችሁ ቤት ያለውን ኮንደንሰር ሸጣችሁ ዳይናሚክ ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ማይኩ ጠጋ በሉ። ነጻ ነው።

ክፍሉን ለማለስለስም ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ ቦታውን ማወቅ ነው የሚያስፈልገው። ካርዲዮይድ ማይክ የሚያየው ወደ እናንተ ነው። ስለዚህ የሚሰማው ከጀርባችሁ ያለውን ግድግዳ ነው። ብዙ ሰው ስፖንጁን ከማይኩ ጀርባ ያቆማል፤ ማይኩ ግን በዚያ በኩል ድሮም አይሰማም። ጋቢውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የቆመውን ፍራሽ ከራሳችሁ ጀርባና ከጎን አድርጉት። ጋቢ አራት እጥፍ ጥጥ ነው፤ ሁለት ጋቢ ደርባችሁ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቃችሁ ብትሰቅሉ፣ ግድግዳው ላይ ከምትለጥፉት ስስ ስፖንጅ ይበልጣል። ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን በሩ ተከፍቶ ከጀርባችሁ ቢሆን ደግሞ ግሩም ነው። የእንቁላል ካርቶን ተዉት። ድምፅ አያፍንም፤ እሳት ግን ይይዛል።

ስስ ስፖንጅ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው እሱ ላይ ነውና። 100 ኸርዝ የሆነ የወንድ ወፍራም ድምፅ አንዱ ማዕበል ርዝመቱ 3.4 ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ለሱ ምንም ማለት አይደለም። የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። ክፍሉን ሙሉ በሱ የሸፈነ ሰው የሚያገኘው የታፈነ ግን ከሥሩ «ቡም ቡም» የሚል ድምፅ ነው። ለወፍራሙ ድምፅ የሚሻለው ከክፍሉ ጥግ መራቅ ነው። ቤዝ የሚጠራቀመው ጥግ ላይ ነው። ከትክክለኛው መሃልም ትንሽ ሸሸት በሉ።

የጎረቤት ሬዲዮ፣ የመንገድ መኪና፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ በጋቢ አይቆምም። ጋቢ ኢኮ ነው የሚቀንሰው። ለውጭ ድምፅ ያላችሁ መሣሪያ የማይኩ ጀርባ ነው። ጀርባውን ወደ መስኮቱ አዙሩት። እናንተ ፊታችሁን ወደ መስኮቱ፣ ጀርባችሁን ወደ ጋቢው አድርጉ። የላፕቶፑም ፋን ከማይኩ በስተጀርባ ይሁን።

አማርኛ ማይክ ላይ

የማይክ መመሪያዎች የሚጻፉት በአብዛኛው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። የሚያስጠነቅቁት ስለ «ፕ» ነው፤ ከአፍ የሚወጣው ንፋስ ማይኩን ይመታል፤ ስለዚህ ፖፕ ፊልተር (ማይኩ ፊት የሚቆም የንፋስ ወንፊት) አድርጉ ይላሉ። እኛ ጋ «ፕ» ብርቅ ነው። «ፍ»፣ «ት»፣ «ክ» ይነፍሳሉ፤ «ብ»ም አልፎ አልፎ ይመታል። ለነሱ ፖፕ ፊልተሩ ያስፈልጋል።

የኛ ዋና ፈተና ግን «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» ናቸው። እነዚህ የሚወጡት ጉሮሮ ተዘግቶ ነው። ከሳንባ የሚመጣ ንፋስ የላቸውም፤ አፍ ውስጥ የታመቀው አየር በአንዴ ይፈነዳል። «ጥቁር ጫማ»፣ «ጨለማ»፣ «ቁጭት» በሉና ስሙት። የሚወጣው አጭርና ስለታም ድምፅ ነው። ንፋስ ስላልሆነ ፖፕ ፊልተር አያቆመውም። ርካሽ ኮንደንሰሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ድምፁ «ጥርት» ያለ እንዲመስል ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አድርገው ነው የሚሠሩት። ሱቅ ውስጥ ሲሰማ ደስ ይላል። አንድ ምዕራፍ ትረካ ከተቀዳ በኋላ ግን እያንዳንዱ «ጠ» እንደ ጅራፍ ይጮኻል። «ስ» እና «ሽ»ም ይጨመሩበታል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው አቀማመጥ ነው። ስለታሙ ድምፅ ከአፍ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ማይኩን ከአፋችሁ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ወይም ወደ አፍንጫ ከፍታ አድርጋችሁ፣ ፊቱን ግን ወደ አፋችሁ አዙሩት። ድምፃችሁ ይያዛል፤ ጅራፉ በጎን ያልፋል። ሁለተኛው ምርጫ ነው። ድምፃችሁ በተፈጥሮው ቀጭንና የተሳለ ከሆነ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላ ኮንደንሰር አትግዙ። ዳይናሚክ ለእናንተ ይሻላል። ድምፃችሁ ወፍራምና የደፈነ ከሆነ ግን ያው ኮንደንሰር ይከፍተዋል። ሌላው የገዛው ማይክ ለእናንተ የማይሆነው በዚህ ነው።

ዘፋኞች ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ትዝታ የሚጫወት ሰው በአንድ ስንኝ ውስጥ ከሹክሹክታ ተነስቶ ጣሪያ ይደርሳል። ድምፁን ሲያርገበግብ ራሱም ይንቀሳቀሳል። አቅጣጫ የሚመርጥ ማይክ ደግሞ ሲጠጉት ቤዙ ይጨምራል፤ ሲርቁት ይሳሳል። ስለዚህ ቀረጻው አንዴ ወፍራም፣ አንዴ ቀጭን ሆኖ ይመጣል። ፖፕ ፊልተሩን ከማይኩ አንድ ስንዝር ላይ አቁሙና እሱን እንደ አጥር ተጠቀሙበት። ከፍ ስትሉ ትንሽ ወደኋላ፣ ዝቅ ስትሉ ወደ አጥሩ። ለትረካና ለፖድካስት፣ በተለይ በዳይናሚክ፣ ከአንድ ጋት እስከ ሁለት ጋት በቂ ነው። ድምፁ ቀጭን የሆነ ተራኪ ይህን የቤዝ ጭማሪ ሊወደው ይችላል።

ማይኩ የሚሰካበት

ኤስኤም7ቢ ብዙዎችን ያሳዘነው እዚህ ላይ ነው። ማይኩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ በጣም ጥሩ ማይክ ነው። ግን የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው። በተመሳሳይ የድምፅ ግፊት ኤስኤም7ቢ 1.12 ሚሊቮልት ሲያወጣ፣ 100 ዶላር ገደማ የሆነው ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 ኮንደንሰር 14.1 ሚሊቮልት ያወጣል። ከ12 እጥፍ በላይ ነው። በዴሲቤል 22 ይሆናል። ያን ክፍተት የሚሞላው ሳውንድ ካርዱ ነው። ሹር ራሱ ለኤስኤም7ቢ ቢያንስ 60 ዴሲቤል ማጉላት የሚችል ዕቃ ይመክራል። ብዙ ሰው ያለው የፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ሦስተኛው ትውልድ ግን መጨረሻው 56 ነው። ቁልፉ እስከ ጫፍ ሲዞር ድምፁ ከሹክታ፣ «ሽሽሽ» ከሚል የጀርባ ድምፅ፣ ጋር ይመጣል። ከዚያ መሃል ላይ የምትገባ ክላውድሊፍተር የመሰለች ማጉያ መግዛት ይመጣል። እሷም ሌላ ወጪ ናት። አራተኛው ትውልድ 2አይ2 እስከ 69 ስለሚደርስ ችግሩን ቀርፎታል፤ ሹርም እ.ኤ.አ. በ2023 ማጉያው በውስጡ ያለ ኤስኤም7ዲቢ አውጥቷል። ዋጋው ግን ይበልጥ ከፍ ያለ ነው።

ስለዚህ ማይክ ስታስቡ ሳውንድ ካርዳችሁን አብራችሁ አስቡ። ኤስኤም58 1.85 ሚሊቮልት ነው፤ እሱም ዝቅተኛ ነው። ግን ሰው ስለሚጠጋው ይብቃቃል። ኮንደንሰር ደግሞ ለማንኛውም ሳውንድ ካርድ አይከብድም፤ 48 ቮልቱ ብቻ ይኑር።

እዚህ ላይ ቢኤም-800 የሚባለውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰው የጀመረው በሱ ነው። ትልቅ ጭንቅላት ቢኖረውም ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለችው ድምፅ የምትይዘው ክፍል ትንሽ ናት። ትልቁ በደል ግን ከኬብሉ ይመጣል። በአንድ በኩል ባለ ሦስት እግር፣ በሌላው በኩል የላፕቶፕ ሄድፎን ቀዳዳ የሚገባ ኬብል ይሰጠዋል። ላፕቶፑ ጥቂት ቮልት ነው የሚሰጠው፤ ማይኩ የተሠራው ለ48 ነው። ውጤቱ ደካማና ሹክታ የበዛበት ድምፅ ነው። ቢኤም-800 ቤታችሁ ካለ ከመጣላችሁ በፊት 48 ቮልት ያለው ሳውንድ ካርድ ላይ ሰክታችሁ ስሙት። ሌላ ማይክ ይመስላችኋል።

ሰዎች የሚያጋንኑት ሌላ ቁጥር የማይኩ የራሱ ሹክታ ነው። የሮድ ኤንቲ1-ኤ 5 ዴሲቤል፣ የኤቲ2020 ደግሞ 20 ዴሲቤል ተብሎ ይጻፋል። ልዩነቱ በወረቀት ትልቅ ነው። ነገር ግን ከተማ ውስጥ ያለ ጸጥ ያለ መኝታ ክፍል ራሱ 30 ዴሲቤል ገደማ ነው። የክፍሉ ድምፅ ከሁለቱም ይበልጣል። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ካልዘፈናችሁ ወይም ክራር ከሩቅ ካልቀዳችሁ ልዩነቱ አይሰማችሁም።

የኛ አገር እውነተኛ ሹክታ ከመብራቱ ይመጣል። መስመሩ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ የለውም፤ ቢኖረውም አልተያያዘም። «ምምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ከሰማችሁ ማይኩን አትጠርጥሩ። መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ከጠፋ፣ ችግሩ ታውቋል፤ በባትሪ ቅዱ። መብራት ድንገት ቢጠፋም በባትሪ ላይ ያለ ቀረጻ አይቋረጥም። ስልካችሁንም አርቁ።

የዩኤስቢ ማይክ ለብቻው ለሚተርክ ወይም ለሚያወራ ሰው ጥሩ ነው። ሳውንድ ካርድ አያስፈልገውም። ሁለት ሆናችሁ ልትቀዱ ካሰባችሁ ግን ሁለት የዩኤስቢ ማይክ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ማስማማት ራስ ምታት ነው። የዩኤስቢ ከገዛችሁ ሁለት ነገር ይኑረው። ድምፃችሁን ሳይዘገይ የምትሰሙበት የሄድፎን ቀዳዳ፣ እና ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር፣ ሳውንድ ካርድ ላይ የሚሰካ) መውጫ። ሳምሰን ኪው2ዩ ሁለቱም አለው። ዳይናሚክ ካርዲዮይድ ነው። ዛሬ በላፕቶፕ ትጀምራላችሁ፤ ነገ ሳውንድ ካርድ ሲመጣ ያው ማይክ ይቀጥላል። ብር በቸገረበት ጊዜ ሁለት ጊዜ የማያስገዛ ዕቃ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ብሆን

ክፍሌ ኮንዶሚኒየም፣ ጎረቤቴ ጫጫታ የሚወድ፣ ሥራዬ ትረካ ወይም ፖድካስት ቢሆን ኪው2ዩን ወይም ኤስኤም58ን እገዛለሁ። ኤስኤም58 ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሠራ ነው፤ መድረክ ላይ ወድቆ ተነስቶ የሚሠራ ማይክ ነው። «የመድረክ ነው፤ ለስቱዲዮ አይሆንም» የሚለውን አትስሙ። ውስጡ ያለው ስፕሪንግስቲን ከተጠቀመበት ኤስኤም57 ጋር አንድ ዘር ነው።

ክፍሌን በጋቢና በፍራሽ ካለሰለስኩ፣ ሌሊት መቅዳት ከቻልኩ፣ ዘፈን ወይም መዝሙር ከሆነ ሥራዬ ደግሞ ወደ ኤቲ2020 ወይም ገንዘብ ካለ ወደ ሮድ ኤንቲ1 እሄዳለሁ። ኮንደንሰር የሚይዛቸው ጥቃቅን ድምፆች ለዘፈን ያስፈልጋሉ። ትንፋሹ፣ የድምፁ መጨረሻ ላይ ያለችው መርገብገብ፣ እነሱ በዳይናሚክ ይደበዝዛሉ።

400 ዶላር ቢኖረኝ 100 ዶላር ማይክ ላይ፣ ቀሪውን ደህና ሳውንድ ካርድ፣ ዝግ (ድምፅ ወደ ውጭ የማያስወጣ) ሄድፎን፣ የማይነቃነቅ ስታንድና ክፍሉ ላይ አውለዋለሁ። አንድ ደህና አሬንጀር ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ኢኮ ያለበትን ቮካል ከማስተካከል ሹክታ ያለበትን ይመርጣል። የማያቋርጥ ሹክታን ሶፍትዌር ይቀንሰዋል። ቃሉ ውስጥ የገባ ኢኮ ሲነሳ ግን ድምፁንም ይዞት ይሄዳል።

ስትገዙ

ዕቃው በአብዛኛው የሚመጣው ከዱባይ ነው፤ ወይም ከአሜሪካና ከአውሮፓ በሚመጣ ሰው። ውጭ ያለ ዘመድ ሊልክላችሁ ከሆነ ስሙን ብቻ አትንገሩት። ከታወቀ የሙዚቃ ዕቃ መደብር እንዲገዛ፣ ደረሰኙን እንዲያስቀምጥ፣ ኤክስኤልአር ኬብልና ፖፕ ፊልተር አብሮ እንዲጨምር ንገሩት። ማይክ ደርሶ ኬብል ስለጠፋ ሥራ ሲቆም አይቻለሁ።

ኤስኤም58 በዓለም ላይ አስመስለው ከሚሠሯቸው ማይኮች ግንባር ቀደሙ ነው። ሳጥኑም፣ ቦርሳውም፣ ጽሑፉም ይመስላል። እውነተኛው ያለ ኬብል 298 ግራም ይመዝናል፤ ሚዛን ያለበት ሱቅ ጎረቤት አይጠፋም። በጣም የቀለለ ከሆነ ተዉት። ክብደቱ ልክ ቢሆን እንኳ በዚህ አትመኑ፤ ድምፁን ስሙ።

ላፕቶፕ፣ ሳውንድ ካርድና ዝግ ሄድፎን ይዛችሁ ሂዱ። ድምፅ ሳታወጡ ግማሽ ደቂቃ ቅዱ፤ ሹክታውን ስሙት። ቀጥሎ «ጥ»፣ «ቅ»፣ «ጭ»፣ «ጽ»፣ «ስ» ያለበት ዐረፍተ ነገር አንብቡ፤ አንዴ በጋት ርቀት፣ አንዴ በስንዝር። ከዚያ ማይኩን አዙራችሁ በጀርባው በኩል ተናገሩ። ደህና ካርዲዮይድ ከሆነ ድምፃችሁ በግልጽ መቀነስ አለበት። ከፊትም ከኋላም እኩል የሚሰማ ከሆነ የተጻፈበት ስም ምንም ቢሆን አይጠቅማችሁም። በመጨረሻ ማይኩን የያዛችሁበትን እጅ በማይኩ አካል ላይ አንሸራቱት፤ የሚንኳኳና የሚጮህ ከሆነ የውስጡ ማቀፊያ ደካማ ነው። ይህን ሁሉ የሚከለክላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።